ልጃችሁ ሱስ ውስጥ ነው? ከቤት እስከ ሐኪም ቤት፣ ደረጃ በደረጃ

መጀመሪያ የጠፋው ሲሊንደሩ ነው። ከሥራ ስገባ ባለቤቴ ከሰል ላይ ወጥ ትሠራለች። "ጋዙስ?" አልኳት። "ለጎረቤት አውሼው ነው" አለችኝ። አመንኳት።

ከስምንት ወር በኋላ ቁምሳጥን ውስጥ አንድ ደብተር አገኘሁ። የእቁብ መስሎኝ ከፈትኩት። በሷ እጅ ጽሑፍ ተራ በተራ ተመዝግቧል። "ሲሊንደር ማስመለሻ።" "ለጫት ቤት።" "ጃኬቱን ማስመለሻ።" "ለታክሲ ብሎ።" ልጃችን የሸጠውን ዕቃ ሁሉ ከገዛው ሰው ጋ እየሄደች መልሳ ትገዛ ነበር። እኔ እንዳልሰማ። ጎረቤት እንዳይሰማ። ገበና ነዋ።

እኔም ከሷ አልሻልኩም። ሁለት ጊዜ ሰክሮ ሲመጣ አባርሬዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ እሷ በጓሮ በር አስገብታዋለች። እኔ ስዘጋ እሷ ስትከፍት ሦስት ዓመት ሄደ።

የምንኖረው አራት ኪሎና ፒያሳ መሀል ነው። ልጁን እዚህ አቡሽ እለዋለሁ፤ ሲጀምር 19 ዓመቱ ነበር። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ስለ መድኃኒትና ስለ ሕመም የምጽፈው ከሐኪሞቹ ጠይቄ ያረጋገጥኩትን ነው። የቀረው በገዛ ስህተቴ የተማርኩት ነው። ስህተቱ ይበዛል።

1. ምን እንደሚወስድ እወቁ

"ሱስ ይዞታል" ብቻ ማለት አይበቃም። ምን እንደሚወስድ ካላወቃችሁ ቀጥሎ የምታደርጉት ነገር ሊጎዳው ይችላል። ምክንያቱን ቁጥር 4 ላይ ታዩታላችሁ።

ጫት። ውስጡ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ነገር አለ፤ የአምፌታሚን ዘመድ ነው። ቅጠሉ ሲያድር ካቲኖኑ ስለሚዳከም ነው ቃሚ ሁሉ ትኩሱን የሚፈልገው። በምርቃናው ሰዓት ወሬ፣ እቅድ፣ ደስታ አለ። ማታ እንቅልፍ የለም። በማግስቱ ሐራራው ይመጣል፤ መነጫነጭ፣ ማዛጋት፣ ሰውነት መዛል። ሲያቋርጡት ደግሞ ዱካክ የሚሉት ቅዠት አለ። ጫት ሕገ ወጥ ስላልሆነ ብዙ ወላጅ "ጫት ብቻ ነው እኮ" ብሎ ያልፈዋል። እኔም አልፌዋለሁ።

ችግሩ ጫቱ ብቻውን አይቆምም። የመረቀነ ልጅ መተኛት አለበት። ስለዚህ ጨብሲ ይገባል፤ ቢራ፣ ገንዘብ ከሌለ አረቄ። አረቄው አልበቃ ሲል የእንቅልፍ ኪኒን። ጠዋት ሲደነዝዝ ደግሞ ለመንቃት ጫት። የአቡሽ ታሪክ በሙሉ ይቺው ሰንሰለት ናት። አንዱን ቀለበት ስታዩ ቀጣዩን ፈልጉ።

ትራማዶል። በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ መንደር ውስጥ ግን እንደ ማስቲካ የሚያገኙት ልጆች አሉ። የዓይን ብሌን ይጠባል፣ ሰውነት ያሳክካል፣ ቁጭ ባለበት ያንቀላፋል። መጠኑ ሲበዛ እንደሚጥል በሽታ ያንቀጠቅጣል። ሱሪ ስታጥቡ ባዶ የኪኒን ማሸጊያ ካገኛችሁ አትጣሉት። አስቀምጡት፣ ሐኪሙ ይፈልገዋል።

ካናቢስ በቀላ ዓይን፣ በጠረኑና ድንገት በሚመጣ ረሃብ ይታወቃል። ማስቲሽ የሚስቡት ብዙውን ጊዜ ትንንሾቹ ናቸው፤ ልብሳቸው ይሸታል፣ አፋቸው ዙሪያ ይቆስላል።

በአንድ ምልክት ብቻ አትፍረዱ። ክፍሉን ዘግቶ የሚውል ልጅ ሱስ ሳይሆን ድባቴ ይዞት ይሆናል። ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ልጁ "ሰው ይከታተለኛል"፣ "ድምፅ ይሰማኛል" ማለት ከጀመረ ግን ሌላውን ደረጃ ሁሉ ዝለሉና ወደ ሐኪም ሂዱ። ጫትም ካናቢስም እንዲህ ዓይነት ሕመም ሊቀሰቅሱ ይችላሉ።

2. ከልጁ በፊት እናንተ ተስማሙ

ከሁሉም ከባዱ ይሄ ነው። ብዙ ቤት አንዱ ወላጅ ፖሊስ፣ አንዱ ጠበቃ ነው። ልጁ ይሄን ከማንም በላይ ያውቃል። ከኔ ያጣውን ከእናቱ ያገኛል፣ ከእናቱ ያጣውን ከአክስቱ፣ እዚያም ካጣ ውጭ አገር ላለችው እህቱ ይደውልና "ኮርስ ልመዘገብ ነው" ይላታል። ዶላሩ ይመጣል።

ደብተሩን ያገኘሁ ቀን ጮህኩ። ባለቤቴ አለቀሰች። ከዚያ ሁለታችንም ሲደክመን ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብለን ደመርነው። ድምሩን አልነግራችሁም። እሷ እጇን አፏ ላይ አደረገች። የሱሱን ወጪ ስንከፍል የኖርነው እኛው ነን።

በዚያው ደብተር ባዶ ገጽ ላይ ይሄን ጻፍን፦

ምግብና መኝታ ሁልጊዜ አለ።
ጥሬ ገንዘብ የለም።
ዕዳ አንከፍልም። የተሸጠ ዕቃ አናስመልስም።
ሐኪም ቤት ለመሄድ በፈለገ ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን እንወስደዋለን።
እጅ ካነሳ እዚህ ቤት አያድርም።

ሁለታችንም ፈረምን። ትንሽ ያስቃል፣ ባልና ሚስት ኩሽና ውስጥ ውል ሲፈራረሙ። ግን እሷ ሲያንሰፈስፋት እኔ ገጹን አሳያታለሁ፣ እኔ በር ልዘጋ ስነሳ እሷ ታሳየኛለች። ለውጭ አገሯ እህቱም ፎቶ አንስተን ላክንላት።

ገንዘቡን በምን በምን እንደምትዘጉት፦

የትምህርት ክፍያ ከሆነ ራሳችሁ ለትምህርት ቤቱ ክፈሉ። ጫማ ከሆነ አብራችሁ ሄዳችሁ ግዙ። ትራንስፖርት ከሆነ ታክሲ ውስጥ አስገብታችሁ ለረዳቱ ክፈሉ። ልጁ ይናደዳል፣ ያፍራል። እናንተም ታፍራላችሁ።

የቴሌብር የሚስጥር ቁጥራችሁን ዛሬ ቀይሩ። የልደት ቀን ከሆነ ያውቀዋል። ሒሳባችሁ ላይ ገንዘብ ባይኖርም መላ እና እንደኪሴ የሚባሉ የብድር አገልግሎቶች አሉ። ስልኩንና ቁጥሩን የያዘ ሰው በእናንተ ስም ሊበደር ይችላል። ወርቅ፣ ፓስፖርት፣ የእቁብ ገንዘብ ከቤት ይውጡ። የአያት የደም ግፊትና የሕመም መድኃኒትም ይቆለፍበት።

ዕዳ ጠያቂ በር ያንኳኳል። አንድ ጫት ቤት ያለው ሰው መጥቶ ነበር፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ኮፍያውን አውልቆ ነው ያናገረኝ። "ወንድሜ" አልኩት፣ "ከዛሬ ጀምሮ ለልጄ በዱቤ ብትሰጥ እኔ አልከፍልም። ያለፈውን ከሱ ጋር ተነጋገሩ።" ከዚያ ወዲህ ዱቤ አልሰጠውም። የሚያስፈራራ አበዳሪ ከሆነ ግን በድብቅ ከፍሎ ማባረር አይደለም መፍትሔው። ከፖሊስ ጋር ተነጋገሩ።

የመጀመሪያው ሳምንት የባሰ ነው፣ ተዘጋጁ። አቡሽ ሰሃን ሰበረ። የታናሽ እህቱ ስልክ ጠፋ። አምስተኛው ቀን ላይ ባለቤቴ 200 ብር ሰጠችው፤ ማታ ራሷ ነገረችኝ። ልጮህ አፌን ከፍቼ ተውኩት። ነገረችኝ እኮ። ድሮ ቢሆን ደብተር ውስጥ ነበር የሚቀረው። በማግስቱ እንደገና ጀመርን።

3. አናግሩት፤ ግን ሰዓት ምረጡ

በምርቃና ሰዓት ያናገራችሁት ልጅ ሁሉን ነገር እሺ ይላችኋል፤ ቢዝነስ ሊከፍት፣ ሊያገባ፣ ቤት ሊሠራላችሁ ሁሉ ይችላል። ከስካር ጋር ንግግር የለም። ሐራራው ላይም አይሆንም፣ ያኔ የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው። ለኛ ያዋጣን ቅዳሜ ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ ተነስቶ፣ በልቶ፣ ገና ሳይወጣ። ቡና ላይ ጎረቤት ባለበት በጭራሽ አትሞክሩት።

እንዲህ ነበር የጀመርነው።

"አቡሽ፣ ደብተሩን አግኝቼዋለሁ።"

ዝም አለ።

"ልቆጣህ አይደለም። እናትህ ደክሟታል፣ እኔም ደክሞኛል። አንተም የደከመህ ይመስለኛል።"

"እኔ ደህና ነኝ አባዬ። ስፈልግ አቆማለሁ።"

"እሺ። ማክሰኞ ጠዋት ሐኪም ጋ አብረን እንሂድ። ለመጠየቅ ብቻ።"

"አማኑኤል ልታስገባኝ ነው? እብድ ነኝ እንዴ?"

ተነስቶ ላሽ አለ። የመጀመሪያው ቅዳሜ በዚህ አለቀ።

ያላልኩትን ልብ በሉ። "አዋረድከን" አላልኩም። "የእገሌን ልጅ እይ" አላልኩም፤ ድሮ በየቀኑ እለው ነበር። ያየሁትን ተናገርኩ፣ የተሰማኝን ተናገርኩ፣ ቀን ያለው አንድ ነገር ጠየቅኩ። "ተሻሻል" ለሚል ልመና መልስ የለውም። "ማክሰኞ ጠዋት" ግን እሺ ወይም እምቢ ይባላል። እምቢ ካለ ሳምንት ጠብቃችሁ በዚያው ድምፅ ድገሙት። ብዙ አታውሩ፣ አሥር ደቂቃ ይበቃል።

እሱ እምቢ ሲል እናንተ ሂዱ። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ወላጅ ብቻውን ሄዶ የአእምሮ ሐኪም ማማከር ይችላል። ከሁለተኛው ቅዳሜ በኋላ እኔና ባለቤቴ ሄድን። ሐኪሟ ያለችንን አንድ ነገር ብሰማት ኖሮ ቀጥሎ የማወራችሁ አይደርስም ነበር።

4. ቆልፋችሁ ለማስተው አትሞክሩ

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ አቡሽ ራሱ ሐሳብ አመጣ። "ሐኪም ቤት አልሄድም። እዚሁ ልተወው። ቆልፉብኝ።" ደስ አለን። አጎቱ "ወንድ ልጅ እንዲህ ነው" አለ። ሐኪሟ "አልኮልና የእንቅልፍ ኪኒን ከሆነ በድንገት እንዳታስቆሙት" ብላ ነበር። እኔ ደግሞ ሐኪም ሁሉ ያጋንናል ብዬ አሰብኩ።

የመጀመሪያው ቀን አላበው፣ እጁ ተንቀጠቀጠ። ሾርባ ሰጠነው። ሁለተኛው ሌሊት ከአልጋ ሲወድቅ ሰማሁ። ጥርሱን ነክሶ መላ አካሉ ይንዘፈዘፋል። ምላሱን እንዳይነክስ ብዬ ማንኪያ አፉ ውስጥ ልከት ስታገል የፊት ጥርሱን ሰበርኩት። ጎረቤታችን የሆኑ እናት ክብሪት ጭረው አፍንጫው ሥር ያዙ። የሚያውቁትን ነው ያደረጉት፤ እኔም ሳድግ ያየሁት እሱን ነው።

ስለዚህ ይሄን በደንብ ያዙልኝ።

በየቀኑ የሚጠጣ ወይም የእንቅልፍ ኪኒን የሚወስድ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊሞት ይችላል። ከአልኮል ማቋረጥ የሚመጣው መንቀጥቀጥ ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መሀል፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳት፣ መቃዠት ሊከተል ይችላል። ይሄ ድንገተኛ ሕመም ነው። የእንቅልፍ ኪኒን ደግሞ ሐኪም መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ነው የሚያስቆመው።

የትራማዶል ማቋረጥ እንደ ከባድ ጉንፋን ነው፤ ንፍጥ፣ ላብ፣ ተቅማጥ፣ የሰውነት መቆረጣጠም፣ እረፍት ማጣት። ሁለተኛና ሦስተኛው ቀን ይከፋል። ብዙ ጊዜ ባይገድልም ያሰቃያል። ሐኪም የሚያቀልበት መድኃኒት ስላለው ዝም ብሎ መሰቃየት የለበትም። ጫት ብቻ ከሆነ አካሉ ላይ ያን ያህል አደጋ የለውም። እንቅልፍ ይበዛል፣ ይጫጫነዋል፣ ሆዱ ይብሰዋል። የሚያስፈራው ሐዘኑ ነው። "መኖር አልፈልግም" ካለ ብቻውን አትተዉት፣ በዕለቱ ሐኪም ይየው።

ቢንቀጠቀጥ፦ ዙሪያውን የሚጎዳ ነገር አንሱ። ጭንቅላቱ ሥር ልብስ አድርጉ። ወደ ጎን አስተኙት። አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ። ክብሪትም፣ ሽንኩርትም፣ ውኃም ይቅር። ሰዓት ያዙ። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ከተደጋገመ ወይም በሕይወቱ የመጀመሪያው ከሆነ ወዲያው ሐኪም ቤት።

ከመጠን በላይ ወስዶ ከሆነ፦ ጠርታችሁት፣ ቆንጥጣችሁት አይነቃም። ትንፋሹ ይዘገያል፣ የማንኮራፋት ዓይነት ድምፅ ያሰማል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ ብሌኑ እንደ መርፌ ጫፍ ይሆናል። "ይተኛበት፣ ይበርድለታል" አትበሉ። ወተት አታጠጡት፣ አታስመልሱት። በጎኑ አስተኙትና 907 (ቀይ መስቀል) ወይም 939 (እሳትና ድንገተኛ አደጋ) ደውሉ። አምቡላንስ ከዘገየ ያገኛችሁትን መኪና ያዙ። አረቄ፣ ትራማዶልና የእንቅልፍ ኪኒን አብረው ሲገቡ ነው ይሄ በብዛት የሚመጣው።

እኛን ያወጣን የጎረቤት ላዳ ነው። ፒጃማ ለብሼ እንደሄድኩ ያወቅኩት ሐኪም ቤት ወንበር ላይ ሆኜ ነው።

5. ሐኪም ቤቱን እንዴት እንደምትይዙት

ድንገተኛ ካልሆነ ከሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ጀምሩ። የማኅበረሰብ ጤና መድን ካላችሁ ደግሞ የግድ ነው፤ ያለ ሪፈር ወረቀት ሆስፒታል ብትሄዱ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ። እኛ ለቀጠሮ ስንመለስ ወረቀቱን ረስተን ከካርድ ክፍል መስኮት ላይ መልሰውናል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ተሰልፈን ነበር።

አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል መርካቶ አጠገብ ነው፤ የሱስ ሕክምናም ይሰጣል። ስሙ ስድብ ሆኖብናል። "አማኑኤል ይግባ" እየተባባልን አድገን ልጃችን ሲታመም በሩን እንፈራለን። ጳውሎስ ሆስፒታልም በአእምሮ ሕክምና ክፍሉ ሥር ሱስ ያክማል። ጥቁር አንበሳና ዘውዲቱ የአእምሮ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል አላቸው። አልጋ ግን በየትም ቦታ ወረፋ ነው። ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ስም አስመዝግቡ። ሁሉም ልጅ መተኛት የለበትም፤ ተመላልሶ የሚድን ብዙ ነው።

ስትሄዱ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፦ ምን ይወስዳል፣ በቀን ስንት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ መጨረሻ የወሰደው መቼ ነው፣ ከዚህ በፊት ተንቀጥቅጦ ያውቃል ወይ፣ በዘር የአእምሮ ሕመም አለ ወይ። ያስቀመጣችሁትን የኪኒን ማሸጊያ ጨምሩበት። ሐኪም ፊት ልጁ ቀንሶ ይናገራል፣ እናት ደግሞ ከሱ በላይ ትቀንሳለች። "አልፎ አልፎ ነው ዶክተር" ስትል ባለቤቴን በክርኔ ነካኋት። እዚያ ክፍል ውስጥ ገበና የለም።

የግል ማገገሚያ ከፈለጋችሁ ሳትከፍሉ በፊት ሄዳችሁ እዩት። ፈቃዱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል? የአእምሮ ሐኪም በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? የማቋረጡን ቀናት ማን ይከታተላል? ቤተሰብ መጎብኘት ይችላል? ሲወጣ ክትትሉ ምንድን ነው? ክፍያው በወር ስንት እንደሆነና ምን ምን እንደሚያካትት በጽሑፍ ይስጧችሁ። የሚያስር፣ የሚገርፍ፣ ወይም "ሦስት ወር አትጠይቁት" የሚል ቦታ ከሆነ ዞራችሁ ውጡ። "መቶ በመቶ እናድናለን" የሚልም እንደዚያው።

6. ጸበሉስ?

ባለቤቴ እንጦጦ ማርያም ልትወስደው ፈለገች። እኔ ተከራከርኩ። አሁን ሳስበው ክርክሩ ከንቱ ነበር። ሐኪሙን ስንጠይቀው "ውሰዱት፣ መድኃኒቱን ግን አታቋርጡ" አለን። የንስሐ አባታችንም ያንኑ ነው ያሉት፤ "መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ነው።" ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ደግሞ ከመስጊዳቸው ኢማም ተመሳሳይ ምክር ሰምተዋል።

ጸበል ቦታ መክረም ለአቡሽ ጠቅሞታል ብዬ አምናለሁ። ከሰፈር ወጣ፣ ጠዋት ተነሳ፣ የሚያዝንለት ሰው አገኘ። ግን ሁለት ነገር። የሚጠጣ ወይም የእንቅልፍ ኪኒን የሚወስድ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ሳያየው ወደ ተራራ አትውሰዱት፤ መንቀጥቀጡ እዚያ ቢመጣ "ጋኔኑ ጮኸ" ይባልና ሰዓት ይባክናል። ሁለተኛ፣ ሰንሰለት ካያችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ውረዱ።

7. ፖሊስና ሕግ

ባጭሩ። ካናቢስና ሌሎች አደንዛዥ ዕፆች በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ያስቀጣሉ። "እስር ቤት ያስተምረዋል" ብላችሁ ልጃችሁን አሳልፋችሁ አትስጡ፤ ከሕመሙ ጋር መዝገብ ነው የምትጨምሩበት። እናቱን ወይም እህቱን ከመታ ግን 991 መደወል ክህደት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮልም ትንባሆም መሸጥ ክልክል ነው። የሰፈራችሁን ግሮሰሪ በጨዋ ደንብ አስታውሱት።

8. ሲመለስ

ከሕክምና የወጣ ልጅ ሰውነቱ የድሮውን መጠን አይችልም። ድሮ የለመደውን ያህል በአንድ ጊዜ ቢወስድ ሊገድለው ይችላል። ይሄን ለራሱም ንገሩት፣ በግልጽ፣ ሳትሸማቀቁ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አደገኞቹ ናቸው።

ቀኑን ሙሉት። ባዶ ከሰዓት ማለት በርጫ ማለት ነው፤ ሰውነቱ 8 ሰዓት ሲሆን ያውቃል። አቡሽ በዚያ ሰዓት የአጎቱ ሱቅ ዕቃ ይደረድራል። ደመወዙ ለእናቱ ነው የሚገባው፣ እሱ ራሱ ነው እንዲህ ይሁን ያለው።

"ሰፈር ቀይሩ" የሚላችሁ አይጠፋም። በ2016 ፒያሳ ሲነሳ ወደ ዳር የሄደ አንድ የማውቀው አባት "እንኳን ተነሳን፣ ልጄ ከጓደኞቹ ይለያል" ብሎ ነበር። ልጁ አዲሱን ጫት ቤት ያገኘው ዳቦ ቤቱን ሳያገኝ በፊት ነው። ጓደኛ መቀየር ይጠቅማል፤ ሰፈሩ ብቻውን ምንም አይሠራም።

ሊያገረሽ ይችላል። የኛ በአምስተኛው ሳምንት አገረሸ፣ ጓደኛው ሲያገባ ሚዜ ሆኖ። "አንዲት ብርጭቆ" ሦስት ቀን ሆነች። እናቱ "አለቀ በቃ" ብላ ተኛች። ሐኪሙ ግን አልደነገጠም። ስኳርና ግፊትም ያገረሻሉ፣ ያኔ መድኃኒቱን እናስተካክላለን እንጂ ሰውየውን አንጥልም አለን። ስለዚህ ከመድረሱ በፊት ተስማሙ፦ ቢጀምር ለማን ይነግራል? በስንት ሰዓት ውስጥ? እኛ ቤት መልሱ "ለአባዬ፣ በዚያው ቀን" ነው። የነገረን ቀን አይጮህበትም። ይሄም ደብተሩ ላይ አለ።

9. ለሁለት ሰው ንገሩ

ለሁሉም አይደለም። ለሁለት። እኛ ለንስሐ አባታችንና ለባለቤቴ እህት ነገርን። የባለቤቴ ደም ግፊት በሦስት ዓመት ውስጥ የወጣው ብቻዋን ስለያዘችው ነው ብዬ አስባለሁ፤ ሐኪም ባይለኝም። ለቀረው ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጁ። "አሞት ነበር፣ እየታከመ ነው፣ አመሰግናለሁ።" ዕድር ላይ አንዱ ሊቀጥል ሲል ይቺኑ ደገምኩለት። ወሬው እዚያው ቆመ።

ታናሽ እህቱን ረስተናት ነበር። ስልኳ ሲጠፋ እንኳ "ቻይው፣ ወንድምሽ ታሟል" ነው ያልናት። አንድ ቀን "እኔም ልታመም እንዴ ቆይ፣ እንድታዩኝ?" አለች። አሁን እሑድ ከሰዓት የሷ ብቻ ነው። ስለ አቡሽ አይወራም።

ከተመለሰ አራት ወር ሆነው። ባለፈው ማክሰኞ ማታ ሽሮው መሀል ላይ ጋዙ አለቀ። ባለቤቴ ከሰል ልታያይዝ ተነሳች። አቡሽ ከክፍሉ ብቅ አለ።

"ሲሊንደሩን ላስሞላው?"

ሁለታችንም ዝም አልን። ገጹ ላይ ጥሬ ገንዘብ የለም ይላል። ባለቤቴ ወደኔ አየች፣ እኔ ወደሷ። ብሩን ኪሴ አደረግኩ። እሱ ሲሊንደሩን ትከሻው ላይ አወጣው። አብረን ወረድን።